የእትዬ ተናኜ ወፍጮና የጂንካ ጭስ

በ1981 ዓ.ም. ጂንካ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ ይህን ያላወቁት ከተማዋን ያዩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ደቡብ ኦሞ ገና ራሱን የቻለ አስተዳደር አካባቢ ሆኖ ቢሮም ማኅተምም ተሰጥቶታል። የቀረው ኢንዱስትሪ ነበር። እሱም ቢሆን እትዬ ተናኜ ነበሩ።

እትዬ ተናኜ ከጎፋ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ባለወፍጮ ናቸው። ወፍጮው አየር ማረፊያው ዳር ነው፤ አየር ማረፊያው ደግሞ ከተማው መሃል። የናፍጣ ሞተራቸውን እንደ ልጅ ያባብሉታል፤ ሲነሳ ትንሽ ያስላል፣ ከዚያ ጭሱ ይጠፋል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙር የሚዘምሩት ሞተሩ ሲጮህ ነው። በዚያ ጩኸት ውስጥ እግዚአብሔር ይሰማል፣ ካድሬ አይሰማም።

ሌት ተቀን የሚያስጨንቃቸው ናፍጣ ነው። ኮታው የሚወጣው በኢንዱስትሪ ጉዳይ ኃላፊው በጓድ ፈለቀ ፊርማ ነው። በርሜሉ ከደረቀ፣ በቆሎ አዝለው ከተራራ የሚወርዱት ሴቶች ወደ ድንጋይ ወፍጮ፣ እትዬ ተናኜም ወደ ባዶ ጓዳቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። እያንዳንዱ አስተዳደር አካባቢ ፋብሪካዎቹ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደሚለቁ ያሳውቅ፣ አጣሪም ይላካል ይላል። መጨረሻው ላይ ስሌቱ በሚቃጠለው ናፍጣ መጠን መሆኑ ተጽፏል። ጓድ ፈለቀ እስከዚያ አላነበቡም፤ ኃላፊ ሰው ደብዳቤ አይጨርስም። ገና ከመጀመሪያው መስመር ገባቸው፤ ውድድር ነው።

ወፍጮ ቤት መጡ።

«እትዬ ተናኜ፣ ፋብሪካዎ ለምን አይጨስም?»

«ጤነኛ ስለሆነ ነዋ፣ ጓድ። የሚጨስ ሞተር የታመመ ነው።»

«ካርቦን ዳይኦክሳይድስ የለውም?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጋዝ ነው። አይታይም።»

«እንግዲያው አለን» አለ ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ ዶላሞ፣ ከጆንያው ላይ ሳይነሳ። «የስኳር ኮታችንም እንደዚያው ነው፤ አለ ይባላል፣ አይታይም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጓድ ፈለቀ አልሳቁም።

«የማይታይ ነገር ለአጣሪ አይቀርብም። ሐሙስ አውሮፕላኑ ሲመጣ ይህ ጭስ ማውጫ ሥራውን ያሳይ! አለዚያ ኮታዎን አልፈርምም።»

«ሞተሩ ይጎዳብኛል እኮ!»

«እድገት መሥዋዕትነት ይጠይቃል» አሉ ጓድ ፈለቀ። መሥዋዕቱ የሰው ሞተር ሲሆን ይህን ማለት አይከብድም።

ሐሙስ እትዬ ተናኜ «ይቅር በለኝ» እያሉ የሞተሩን አየር ማስገቢያ በእርጥብ ጆንያ አፈኑት። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፋ። ጓድ ፈለቀን ግን አላረካቸውም፤ እርጥብ ሣርና አሮጌ ጎማ አስከምረው አስለኮሱ። ጂንካ ኢንዱስትሪ ሆነች። ሕዝቡ እያሳለ አጨበጨበ፤ ማሳሉ በፈቃድ፣ ማጨብጨቡ በትእዛዝ ነው። አየር ማረፊያው ላይ የሚግጡት ላሞች ተባረሩ። አውሮፕላኑ ከጭሱ በላይ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ የሚያርፍበት ስላልታየው ወደመጣበት ተመለሰ።

«አዩን!» አሉ ጓድ ፈለቀ ዓይናቸውን እያሹ።

በእርግጥም አጣሪው ከላይ ሆኖ አይቷል። በወሩ መልስ መጣ፤ የደቡብ ኦሞ የኢንዱስትሪ ጭስ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ ይህም ናፍጣ እንደሚባክን ስለሚያሳይ ኮታው በግማሽ ይቀነስ። ጓድ ፈለቀ በስብሰባ ላይ «እጅግ ከፍተኛ» እስከሚለው ድረስ አነበቡና ተጨበጨበላቸው።

ወሩ ሳይጋመስ በርሜሉ ደረቀ። የጓድ ፈለቀ ሚስት አስካል በቆሎ አሸክማ ስትመጣ፣ እትዬ ተናኜ ዝም ካለው ሞተር ላይ ጥላሸት በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ አይፈጭም እንዴ? ጓድ ራት ይጠብቃሉ።»

«ናፍጣ የለም፣ አስካልዬ። ከፍተኛ ነን ተብሎ አልተነበበልሽም?»

አስካል አንገቷን ደፋች። እትዬ ተናኜ አይተዋት አላስቻላቸውም።

«ነይ፣ ጓሮ ድንጋይ አለ። በተራ እንፈጫለን።»

እትዬ ተናኜ ተንበርክከው መፍጨት ሲጀምሩ፣ ሞተር አለመኖሩን ዘንግተው መዝሙራቸው አመለጣቸው። ከአፋቸው እንደወጣ ደንግጠው አቋረጡት።

አስካል ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መዝሙሩን ከቆመበት ተቀበለች።