ካርመን ያልጠየቀችው ጥያቄ

በሰው አገር፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ በምንሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ ሆም የመሠረትን ያህል ጎበዝ ሠራተኛ የለም። ዊልቸር ስትገፋ ሽማግሌዎቹ ሽርሽር የወጡ ይመስላቸዋል። እቤቷ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የባሏን ዊልቸር መጋረጃ ጀርባ ትደብቀዋለች።

ባሏ ጋሽ ኪዳኔ የኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ ግን ሐኪም ጋ ካልሆነ በቀር ከቤት አይወጡም። ግሌንዴል ያለው አፓርታማቸው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሰው ሲመጣ ደግሞ መኝታ ቤት ይገባሉ፣ በሩም ይዘጋል።

"ተኝቷል" ትላለች መሠረት።

ስንቴ ተቆጣኋት! "ገመናዬ ነው፣ ጌጥነሽ። ሰው ከንፈር ሲመጥለት ማየት አልችልም" ነው መልሷ።

ኦሮራ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ተብሎ አዲስ ሕንፃ ተሠራና ስንቱ አመለከተ። ዕጣው ለመሠረት ወጣላት። እልል ብለን ሳንጨርስ መሠረትን ፍርሃት ያዛት። "ዊልቸር እንዳለን ካወቁ ቤቱን ለጤነኛ ይሰጡብኛል" አለች። ማን እንደነገራት እንጃ፤ እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስት መፈረም ስላለባቸው ጋሽ ኪዳኔን ሱፍ አልብሳ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ዊልቸሩን ከኋላ ጭና ጋቢ ጣል አደረገችበት።

"ከመኪና እንዳትወርድ፤ ወረቀቱን እዚሁ አመጣልሃለሁ" አለቻቸው።

"እሺ እመቤቴ" አሉ። ፊታቸው ግን ጨልሞ ነበር።

እኛ መኪና ውስጥ ስንጠብቅ መሠረት ቤቱን አይታ ከሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ከካርመን ጋር ተመለሰች። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ በአማርኛ፣ "ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ግድ የለም፣ እንወስደዋለን" አለችኝ። ደሜ ፈላ። አንድ ፎቅ መውረድ ያቃታቸውን ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልትቆልፍባቸው ነው!

ካርመን ጎንበስ ብላ ጋሽ ኪዳኔን ሰላም አለቻቸው። ጭናቸው ላይ የተኛውን ግራ እጃቸውን አየች። ቀና ስትልም ከጋቢው ሥር ብቅ ያለውን ጎማ አየች። አለቀልን አልኩ። መሠረትም ዓይኗን ጨፈነች።

ካርመን ግን "ምን ሆነው ነው?" አላለችም።

"ለሁሉም አመልካች የምለውን እዚህም ልድገመው" አለች ቀስ ብላ። "ከቤተሰቡ በጤና ምክንያት የተለየ ቤት የሚያስፈልገው ካለ፣ ግራውንድ ላይ በራቸው ሰፋ ያለ ቤቶች አሉን። ይህን በመጠየቃችሁ ዕጣችሁ አይነካም። ሕመሙ ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅም። ሕጉም አይፈቅድልኝም።"

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ዘመድ ወዳጁ "ምን ነካቸው? ይድናሉ?" እያለ ሲያደርቀን ኖሮ፣ በዓይኗ እያየች እንዳትጠይቅ ሕግ የከለከላት ሴት! የጋሽ ኪዳኔን ክብር የሚጠብቅ ሕግ፣ ስማቸውን እንኳ በማያውቁ ሰዎች ተጽፎ እዚህ ሲጠብቃቸው ኖሯል።

ካርመን መልስ ጠበቀች እንጂ አልጎተጎተችም።

"መሠረት" አሉ ጋሽ ኪዳኔ፣ "ዊልቸሬን አውጪልኝ።"

"ኪዳኔ፣ ቤቱ ቢቀርብንስ?"

"ቤቱ ይቆይ። መጀመሪያ እኔ ልውጣ።"

ያቺ ባለሙያ ዊልቸሩን መዘርጋት አቃታት፣ እኔ ዘረጋሁት። ካርመን እንደ ማንኛውም ተከራይ እያጫወተቻቸው ግራውንድ ያለውን ቤት አሳየቻቸው። ደፍ የለውም፤ ጋሽ ኪዳኔ ማንም ሳይገፋቸው በቀኝ እጅና በቀኝ እግራቸው እየገፉ ሳሎን ደረሱ። ሻወሩ ውስጥ መያዣ ብረት ከፈለጉ በሕንፃው ወጪ እንደሚገጠም ስትነግራቸው መሠረት የካርመንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ካርመን ደንግጣ አነሳቻት።

"ኧረ፣ መብታችሁ ነው!"

መሠረት ይህን ስትሰማ ምርር ብላ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም፣ ጋሽ ኪዳኔ ብቻ ወጥ ቤቱ ጠበበ እያሉ አቃቂር ያወጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ቤት ልጠይቅ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። እንደ ድሮው የምትከፍትልኝ መሠረት ናት ብዬ ሳንኳኳ በሩ ተከፈተ፤ ፊት ለፊቴ ግን ማንም የለም።

"ወደ ታች እይ እንጂ፣ ጌጤ" አሉኝ ጋሽ ኪዳኔ ከዊልቸራቸው ላይ። "ግቢ፣ ግቢ!"

ሳምኳቸውና "መሠረትስ?" አልኩ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኮስተር ብለው፣ "ተኝታለች" አሉኝ።

ከወጥ ቤት የመሠረት ሳቅ ተሰማ።