አመድ የሞላው ታንከር

ወንድሜ ለእናታችን የገዛላት ሽንት ቤት ጎማ ያለው ነው። ይህን በስልክ ሲነግረኝ አረብ አገር፣ የሰው ኩሽና ውስጥ ድስት እየፈተግኩ ነበርና ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ሲነሳ ዕቃውን ለሽያጭ አወጡት። ሌላው ሰው በርና ቆርቆሮ ሲገዛ የኔ ወንድም ካራቫን ገዛ፤ አልጋና መስኮት ያለው፣ ከአልጋው ሦስት እርምጃ ላይ ደግሞ እንደ ወንበር የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት። መካነ ሰላም ግቢያችን ድረስ አስጎተተው። በሩ አላስገባ ሲለው አጥሩን አፈረሰ። አጥሩ እስከ ዛሬ እንደፈረሰ ነው።

ወንድሜን መስደብ እወዳለሁ፤ ታናሼ ነው፣ ይችለዋል። እዚህ ላይ ግን ሐቁን ልናገር፤ ያደረገው ለእናታችን ብሎ ነው። ክረምት ላይ ወደ ጓሮ ስትወርድ ጭቃው አንሸራቷት ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። የጓሯችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ ቁጢጥ ካላሉ አይሆንም፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ቁጢጥ ማለት አልቻለችም። በአንድ በኩል ወንድሜ፣ በሌላ በኩል ጎረቤታችን የቄሱ ሚስት እየደገፉ ያወርዷት ጀመር። እናቴ ሰው ፊት መጉረስ እንኳ የምታፍር ሴት ናት። "ያ አላህ፣ ከዚህስ ውሰደኝ" ትል ነበር አሉ። የምትፈልገው ደግሞ ትልቅ ነገር አልነበረም። ራሷ ገብታ ራሷ መውጣት፣ ከዚያ ውዱእ አድርጋ አምስት ወቅት ሶላቷን ንጹሕ ሆና መስገድ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ በሄድኩ በሰባተኛ ዓመቴ ጠቅልዬ ገባሁ። ግቢ ስደርስ ከሰው በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው። ወንድሜ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊት ከፊቴ እየሄደ ስለ ካራቫኑ ያወራል፤ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እከተለዋለሁ። እናቴ በዚያ ብርድ መስኮቱን በርግዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። "አብሽሪ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ" እያለች አቀፈችኝ። ሽታው ልብሷ ውስጥ ገብቷል። እንዳሸተትኩ ገባትና ቶሎ ለቀቀችኝ።

"እዚህ ውስጥ እንኳ አልሰግድም" አለችኝ፣ የተከሰሰች ይመስል። "ወንድምሽ ወንበር ያወጣልኛል፣ ውጪ ነው የምሰግደው።"

ሰባት ዓመት ያልወጣ እንባዬ እዚያው በሩ ላይ መጣ፤ ከእንባው ቀድሞ ግን ንዴቱ መጣ። ወንድሜን እጁን ይዤ ወደ ኋላ ወሰድኩት።

"ምን አድርገህ ነው እንዲህ የሸተተው?"

"ምንም። እንዲያውም እንዳይሸት ብዬ በየቀኑ አመድ እጨምርበታለሁ" አለኝ። "የጤና ኤክስቴንሽኗ አመድ ሽታ ይገድላል ብላ አስተምራን የለም?"

አስተምራለች። እኔም ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ። ለጉድጓድ እውነት ነው፤ ከምድጃ የተረፈ አመድ ጉድጓድ ላይ ሲነሰነስ ሽታውንም ዝንቡንም ይይዘዋል። የኛ አገር ሰው ሽንት ቤት ሲሸተው እጁ የሚሄደው ወደ አመድ ነው።

"ውሃስ?"

"ውሃ እኮ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለሚጠጣ ያላገኘነውን ሽንት ቤት ልደፋ?"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ዞሬ የካራቫኑን የኋላ ክዳን ከፈትኩ። እንደ ፈራሁት ከመቀመጫው ሥር ያለው፣ ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ታንከር መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንድሜ ከዚያ ወደ ጓሮው ጉድጓድ የሚወርድ የፕላስቲክ ቱቦ ዘርግቷል፤ እየመጣ ይሂድ ብሎ። እንዲህ ያለ ሽንት ቤት ግን እንዲያ አይያዝም። መዝጊያው ተዘግቶ ነው መቆየት ያለበት። ብዙ ውሃ ይጨመርበታል፤ ታንከሩ ሞልቶ ሁሉም ነገር ከራሰ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ውሃው ራሱ ጠራርጎ ይወስደዋል። ክፍት ሲተው ፈሳሹ ብቻውን ይሄዳል፣ የቀረው ከሥር ይከመራል፣ ይደርቃል። በዚያ ላይ ለወራት አመድ ሲነሰነስበት ምን እንደሚሆን ግድግዳ የመረገ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወንድሜ አረብ አገር የኖረ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ያወቅሁት እንዲህ ነው። የሠራሁበት ቤት ሰዎች ብርዱ ሲገባ ካራቫን አስጎትተው በረሃ ይወጡ ነበር። ድንኳን ይተክላሉ፣ እሳት ያነድዳሉ፣ ዘመድ ይጠራሉ። ልጅ አዋቂው፣ እንግዳው ሁሉ የሚጠቀመው በዚያች አንዲት ሽንት ቤት ነው። ታንከሩን መድፋት፣ ሲደፈን መክፈት፣ ማጠብ የኔ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አስመልሶኛል፤ በሁለተኛው ዓመት መሙላት አለመሙላቱን በድምፁ ለየሁ። ለእናቴ ግን "ልጆች ነው የማሳድገው" እላት ነበር። ልጆችም ነበሩ፣ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እናቴ ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ተቀምጣ "የኔ ልጅ ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ልጅ ነው የምትይዘው" ትል እንደነበር አውቃለሁ። ከከላላ ገበያ የተመለሰ ሰው ሳይቀር ደውሎ ነግሮኛል።

በነጋታው ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ መዝጊያውን ዘጋሁት። ወንድሜ እየተነጫነጨ ውሃ በጀሪካን አመላለሰ፤ እኔ ሞቅ አድርጌ፣ ፕላስቲኩን እንዳይሰነጥቀው ሳላፈላው፣ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ በመቀመጫው ቀዳዳ ሞላሁት። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ራሰ። ከዚያ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት አስገብቼ መውቀጥ ያዝኩ። ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። እየወቀጥኩ፣ እየበጠበጥኩ፣ እንደገና ውሃ እየጨመርኩ ዋልኩ። በመጨረሻ ከኋላ ሄጄ መዝጊያውን ስከፍተው ትንሽ ተፍቶ ቆመ። አንድ ትልቅ የአመድ ጓል አፉ ላይ ተወትፏል። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ከትቼ መጎርጎር ጀመርኩ፤ ሌላ መላ የለውም።

ወንድሜ ራቅ ብሎ፣ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ቆሟል። እሱ ዝም ቢል ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር። ዝም አይልም።

"ኧረ ተይው እቴ፣ ሰው እንቅጠር! ከአረብ አገር የመጣች እመቤት እጇን ሽንት ቤት ከታ ቢያዩ ምን ይላሉ?" ብሎ ሳቀ።

"እመቤት?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ማለቱን እየሰማሁት ነበር፤ ላቆመው ግን አልቻልኩም። "ሰባት ዓመት የሰው ሰገራ ስደፋ ነው የኖርኩት! ይህ ቆርቆሮህ የተገዛው በምን መሰለህ? በዚህ ነው! በዚህች እጄ!"

ወንድሜ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ግን እኔን አልነበረም የሚያየው። ከጭንቅላቴ በላይ ወዳለው መስኮት ነበር። እናቴ ለሽታው ስትል ከፍታው፣ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልመልሰው ብል በየት በኩል?

ወደ መዝጊያው ተመለስኩ። ጓሉ ወጣ፣ ታንከሩ በአንድ ጊዜ ጎረፈ፣ እኔም ሦስት ጊዜ እየሞላሁ አለቀለቅሁት። መቀመጫው ሥር ያለው ላስቲክ ደርቆ ሽታ ያሳልፍ ነበርና ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ቀየርኩት። ንጹሕ ውሃና ሳሙና አስገብቼ ዘጋሁት። አመሻሽ ላይ ካራቫኑ ውስጥ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጥ ሰገደች። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጀርባዋን እያየሁ ደስ አለኝ፤ ከመጣሁ ወዲህ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሰግዳ ስትጨርስ ጠራችኝ።

"በረሃ ላይ ስትደፊ፣ እጅሽን የምትታጠቢበት ውሃ ይሰጡሽ ነበር?"

ስንት ነገር ልትጠይቀኝ ትችል ነበር፤ ለምን ዋሸሽኝ ልትለኝ ትችል ነበር።

"አዎ እማ፣ ይሰጡኝ ነበር" አልኳት።

ውሸቴን ነው። በቦቴ የሚመጣው ውሃ ለሻይና ለእነሱ መታጠቢያ ነበር። እኔ እጄን በአሸዋ ፈትጌ፣ ከልጆቹ ሳህን እጣቢ ነው የማለቃልቀው። እናቴ እጄን ይዛ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከዚያ በኋላ መጾም ጀመረች። ያለፈው ረመዳን በስብራቷ ምክንያት አልፏት ስለነበር "ቀዳ አለብኝ" አለች። ታማሚ ነሽ፣ ይቆይ ብላትም "እዳዬን ልክፈል" አለችኝ። አመንኳት። ማታ ስታፈጥርም ሁለት ተምርና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ሽንት ቤቱ እንዴት ነው ስላት "ማሻአላህ፣ ሸጋ ነው" ትለኛለች። እኔ ሞኟ ደስ እያለኝ ቀን እቆጥራለሁ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ሳምንት ቢበዛ ይሞላል።

ሦስት ሳምንት ሲሆነው ከኋላ ሄጄ መዝጊያውን ከፈትኩ። የወጣው እኔ ራሴ ያስገባሁት የሳሙና ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ። እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት። ጠብታ የተጨመረበት ነገር የለም።

በማግስቱ ገና ጉሙ ሳይነሳ ከቤታችን በር ጀርባ ሆኜ ጠበቅሁ። የቄሱ ሚስት በፈረሰው አጥር በኩል መጡ፣ ካራቫኑ ውስጥ ገቡ፣ ትንሽ ቆይተው በነጠላቸው የሸፈኑት ፖፖ ይዘው ወጡ። እኔን ሲያዩ ደነገጡ።

"እንደምን አደሩ እናቴ" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ" አሉኝ። የቄስ ሚስት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ስለኖሩ ሰላምታቸው የእሷ ነው። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጓሮ ወረዱ።

ገባሁ። እናቴ ማልቀሴን ሳታይ አወቀች።

"አልሠራ አለሽ እማ?"

"ይሠራል። ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው።"

"ታዲያ ምነው?"

"ስሞላው ማን ሊደፋው ነው?"

"እኔ ነኛ!"

"እሱን ነው የማልፈልገው። በቃሽ የኔ ልጅ። የባዕዱን ሰባት ዓመት ደፋሽ፤ የኔን ጨምረሽ አትደፊም።"

"አንቺ የኔን ስትጠርጊ አይደል ያደግሁት?"

"እኔማ ደስ እያለኝ ነዋ።"

"እኔስ?" አልኳት። "እኔስ ደስ እያለኝ ቢሆንስ?"

ውዱእ የምታደርግበትን ማንቆርቆሪያ እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች፤ አቀበልኳት።

ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ወንድሜን ላክሁ። የቄሱ ሚስት ራሳቸው ለመኗት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ቢባል የኔ እናት ትብሳለች። ሽንቷን ለመቀነስ የያዘችውን ጾም ብቻ ተለማምጬ አስተውኳት፤ አሁን ውሃ ትጠጣለች። እነዚያ ሰዎች ቆሻሻቸውን ሲያስደፉኝ ትወጂያለሽ ወይ ያለኝ የለም። ወድጄ ልደፋላት የፈለግኋት አንዲት ሴት ናት፤ እሷ ከለከለችኝ። እናቴን ተቀይሜያታለሁ። እናት ላይ ቂም መያዝ ወንጀል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምላሴን ብይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣም አውቃለሁ፤ ግን ተቀይሜያታለሁ።

ሽንት ቤቱ በደንብ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ ወንድሜ እየመራ ያሳያል፣ አመድ እንዳይጨምሩበትም ያስተምራል። ጠዋት ጠዋት የቄሱ ሚስት ሁለት እጃቸው በፖፖው ስለሚያዝ፣ የካራቫኑን በር የምከፍትላቸው እኔ ነኝ።