ዮርዳኖስ ያልኩት ወንዝ

የእናቴን አርባ ባወጣን ማግስት አንኮበር፣ ጎረቤላ ያለውን ቤቷን ስናጸዳ፣ ከሣጥኑ ግርጌ በነጠላ የተጠቀለለ ሥዕል ወጣ፤ ገና ስፈታው የዚያ የልጅነቴ ክረምት የርጥብ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሴትዮ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የሰጠኝ ህንዳዊው የሒሳብ አስተማሪያችን ነበር፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በላዩ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያስተምር፣ ፊደሉን ከእኛ ከተማሪዎቹ የለቀመ ደግ ሰው። አገሩ ሊመለስ ሲል፣ አንደኛ ስለወጣሁ፣ አንድ ፈረንጅ የአስተማሪያችንን መንደር ወንዝ በውሃ ቀለም የሣለበትን ወረቀት ከነመስታወቱ አሸከመኝ። ማዶውን ጭጋግ የሸፈነው ሰፊ ወንዝ፣ በድንጋይ ደረጃ ወደ ውሃው የሚወርዱ ነጭ ለባሾች። እናቴ ታዲያ ከቅዱሳኑ ሥዕል አጠገብ ተራ ነገር የምታሰቅል ሰው አልነበረችም። የሰቀልኩትን ጠጋ ብላ አየችውና፣ «ዮርዳኖስ ነው አይደል?» አለችኝ። እንዳታወርድብኝ ፈርቼ፣ «አዎ እማዬ» አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

በዚያው ክረምት የአምስት ዓመቷን እህቴን አበባን አተኮሳት፣ ትንፋሽም ያጥራት ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ጤና ጣቢያ ውሰጃት ቢላት፣ እናቴ «ዮርዳኖስ ቤቴ ድረስ መጥቶልኝ የት እሄዳለሁ?» ብላ መስታወቱን አነሳች፤ ጠበሉን ሥዕሉ ላይ እያፈሰሰች፣ ከሥር በሳህን ተቀብላ አጠጣቻት። ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ወደ ማታ የአበባ ከንፈር ሰማያዊ ሲሆን ቀለሙ ነው ብለን ሳቅን፣ እሷም አብራን ሳቀች። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው፣ ብትጠርገው፣ አልለቅ አለ። ጠዋት አዝላት ሮጣ ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ አበባ ጀርባዋ ላይ እንዳለች ሞታለች።

ሥዕሉ ከግድግዳው ጠፋ፤ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። አንኮበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ግን ዛሬም፣ በሥዕሉ የድንጋይ ደረጃ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻዋን ወደ ውሃው ስትወርድ አያታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ እንዳታውቅብኝ ስሰጋ ኖርኩ።

አሁን ከደረጃው በታች ያለው ባዶ ወረቀት ነው። ገልብጬ ሳየው፣ የጀርባው ካርቶን ላይ ቁራጭ አቡጀዲ ተሰፍቶበታል፤ ጥቅጥቅ ያለ የእናቴ ስፌት። ክሩን ፈታሁት። ከሥሩ በአስተማሪዬ የተንጋደደ ፊደል፣ «ይህ የአገሬ የህንድ ወንዝ ነው፤ እንዳትረሺኝ» ይላል።

እናቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ማንበብ የለመደችው አበባን በቀበርን በሁለተኛው ዓመት ነው። ያንን አንብባ ነው አቡጀዲውን የሰፋችበት። ታውቅ ነበር። ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ስትድረኝ፣ ልጆቼን ስታሳድግልኝ፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ ኖሮ ይቅር በይኝ እላት ነበር፤ አሁን ማንን ልበል።