ጋሽ ውበቱን ከበር የመለስናቸው እኛ ነን

ጠዋት ከጅጋ ተደውሎ «ጋሽ ውበቱ አረፉ» ስባል «የትኛው ውበቱ?» አልኩ። ሌላ ውበቱ እንደማላውቅ እያወቅኩ። ትናንት ገበያው ዳር የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሲሰፉ ያየ ሰው አለ እኮ! አላመንኩም። ይህን ስጽፍም ገና እያመንኩ አይደለም።

ከዚያ ፌስቡክ ከፈትኩና ደሜ ፈላ።

ሁላችሁም ፎቷቸውን ለጥፋችኋል። ያቺን ቀይ የጨርቅ አፍንጫ አድርገው። «የሕፃናት አባት»፣ «የሳቅ ጀግና»። ወይ ጉድ! በቁማቸው «ያበደ ሽማግሌ» ስትሏቸው የነበራችሁ እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ውበቱ ጅጋ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከደንበኛ በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ባለብዙ ቀለም ካባና ያቺን ቀይ አፍንጫ ሰፍተው፣ በየሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ እኔ በነርስነት ወደምሠራበት የሕፃናት ክፍል ይመጡ ነበር። ማንም አልላካቸውም። ልጆቹ «አፍንጮ» ይሏቸዋል።

የእኛን አገር የታማሚ ጥየቃ ታውቁታላችሁ። አልጋውን ከቦ ከንፈር መምጠጥ፣ «ወይኔ ልጄን» እያሉ ዓይን መጥረግ። ልጁ በሕይወት እያለ ለቅሶ ይቀመጡበታል። ጋሽ ውበቱ ይህን ሲያዩ ይበግኑ ነበር። «በሽታ ሳቅ አይወድም፤ ኑ እናናድደው!» እያሉ ነው የሚገቡት።

አንዲት ከገበዝ ማርያም የመጣች ልጅ ነበረች። የፈላ ውሃ እግሯን አቃጥሏታል። ቁስሏን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ጋሽ ውበቱ በዚያ አፍንጫቸው ብቅ ሲሉ እናቷ ሰይጣን መስሏት፣ የጸበል ጠርሙሷን ከጉያዋ አውጥታ ፊታቸው ላይ ረጨችባቸው። እሳቸው ተንበርክከው አንገታቸውን ሰጧት።

«እዚህም ጨምሪልኝ እታለም፣ ማጅራቴ ጋ አልደረሰም።»

ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔ ፋሻዋን ፈታሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባረርናቸው። አዎ፣ እኛ። ጠያቂ ዘመዶች «በታመመ ልጅ ያፌዛሉ» ብለው አጉረመረሙ። ከእኛም መሀል «ክፍሉን የቀልድ ቦታ አደረጉት» የሚል ደብዳቤ ተጻፈና ፈረምኩ። ለምን? ባልደረቦቼ እንዳይስቁብኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ክልከላው በወጣ በመጀመሪያው ቀን የልጅቷ ቁስል መታጠብ ነበረበት። «አፍንጮ ካልመጣ!» ብላ ጮኸች። «መንገድ ሄደዋል» አልናት። አራት ሆነን ጨምድደን ይዘን አጠብናት። ያቺ ጸበል የረጨች እናት ሳትቀር እግራችን ላይ ወድቃ «ኧረ እኒያን ሰውዬ ጥሩልን!» ብላ ለመነችን። ማንም አልጠራም።

ስለዚህ የሻማ ምስላችሁን አንሱልኝ። ለእሳቸው ማልቀስ ያለባቸው እነዚያ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፌስቡክ የላቸውም።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ያን ዕለት ዘበኛው ሲመልስዎት ወደ ጅጋ የሄዱ መስሏቸዋል ሁሉም። አልሄዱም። ካባዎን እንደለበሱ ከመስኮቱ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ስምዎን እየጠራች ስትጮህ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየሁዎት።

መስኮቱን ዘጋሁት።