እርጥብ እጅ የነካው ቸኮሌት

ጋሽ እርጥቡ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጡላቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰፈሩም ሰምቶ አጸደቀው። ከሥራ ሲመለሱ ፎጣ ይሰጣቸዋል፣ እሳቸውም ይጠራረጋሉ፤ ግን በጣታቸው መሃል ወይ በእጅጌያቸው ጫፍ አንድ ጠብታ አትጠፋም። «ያገባኸው ውሃን ነው፤ እኔ ቅምጥህ ነኝ» ይሏቸው ነበር ባለቤታቸው።

ባለቤታቸው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የገዛ ራሳቸው ሥራ ነበራቸው። የለውዝ ቅቤ፣ የላመ ስኳር፣ የደቀቀ ብስኩትና ቁንጥር ጨው ለውሰው አንዴ ጎረስ ሲያደርጓቸው የሚያልቁ ትንንሽ ኳሶች ያድቦለቡላሉ። ኳሶቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠንከር ሲሉ አንድ በአንድ በሹካ እያነሡ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ነክረው ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ይደረድሯቸዋል። ሲደርቁ ክዳኑ ላይ መርከብ በተሳለበት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይገባሉ። ሸጠው አያውቁም። ጃንጥላ ረስተው ሲወርዱ ተከትሎ ላመጣላቸው ሹፌር፣ ለልጃቸው ሒሳብ ላስረዳች አስተማሪ፣ በወረፋ ቦታውን ለለቀቀላቸው ሰው ሁሉ ከቆርቆሮው ይደርሰዋል። «ውለታ ሲያድር ይከብዳል» ነበር ቃላቸው።

ቅዳሜ ታዲያ ጋሽ እርጥቡ ወጥ ቤት አይገቡም፤ ሕጉ ይህ ነበር። የቀለጠ ቸኮሌትና ውሃ ደመኞች ናቸው። አንዲት ጠብታ ከገባችበት፣ ያ እንደ ሐር የሚፈሰው ነገር ባንዴ ተቋጥሮ እርጥብ አሸዋ ይሆናል። ጋሽ እርጥቡ ሕጉን ያውቁታል፤ ማወቅና መጠበቅ ግን ለየቅል ነው። ከሥራ ገብተው መፍቻቸውን ሳያስቀምጡ በሩን ገፋ ያደርጉና ሌባ ጣታቸውን ሳህኑ ውስጥ ይሰዳሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ መጣህ?»

«ሙቀቱን ልለካልሽ ብዬ ነው።»

«ውጣ! ሽማግሌ ሆነህ እንኳን ጣትህ አላረጀም።»

በማንኪያ ጀርባ እጃቸውን ተመትተው ይወጣሉ፣ በሩም ይዘጋል። ከተባረሩ በኋላ ከበሩ ጀርባ ምን እንደሚሆን አያውቁም፤ ጠይቀውም አያውቁም። የሚያውቁት ኋላ ሳህን ላይ ቀርቦላቸው ሲበሉት መጣፈጡን ብቻ ነው። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ በኩል ተሰክቶ እያለ ባለቤታቸው አንድም ቀን አለመቆለፋቸውንም ልብ ብለው አያውቁም።

ባለቤታቸው ሆስፒታል የተኙት ሰባት ሳምንት ነው። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት በየማክሰኞው አንዲት ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ ተራዋን ከጨረሰች በኋላ ወደ ቤቷ መሄዷን ትታ ፀጉራቸውን ታጥብላቸው ነበር። የክፍሉ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለማይሠራ ከላይኛው ፎቅ በማንቆርቆሪያ እያመላለሰች ነው። ጋሽ እርጥቡ ይህን ባዩ ማግስት በጠያቂ ሰዓት መፍቻቸውን ኮት ውስጥ ደብቀው ገቡና ቧንቧውን ሠሩላት።

«እናንተ ተካካሳችሁ» አሉ ባለቤታቸው ከትራሳቸው ላይ። «የእኔ ግን ቀረ። ለዚች ልጅ ከቆርቆሮዬ ሳላቀምሳት...» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «አንተ ሠርተህ ትሰጥልኛለህ። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደግሞ የእኔ ይሁን፤ የሱቅ እንዳይመስል።»

«በዚህ እጄ?»

«አድርቀው።»

ይህን ባሉ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

ጋሽ እርጥቡ ሦስት ወር ሙሉ መሳቢያውን አልከፈቱም። አንድ ሰኞ፣ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ ሲስተር ሌላ ከተማ ተቀይራለች፤ አርብ የመጨረሻ ቀኗ ነው» አለቻቸው። ያን ጊዜ ተነሡና መሳቢያውን ሳቡ። ደብተሩ ላይ በጸሐፊ ጥንቁቅ እጅ ሁሉም ሰፍሯል፤ እጀታው በተሰበረው ኩባያ ሁለት የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ስኳር፣ አንድ ከሩብ ብስኩት።

ማክሰኞ ሞከሩ። የለውዝ ቅቤውን ማሰሮ ሲከፍቱ ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፏል። ሠላሳ አራት ዓመት በሥራቸው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ሲያዩ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እያፈሰሰ ነው ማለት ነበር። ስለዚህ ቀስ ብለው አጥልለው ደፉት። የወጣው ኳስ ድንጋይ ሆነ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ አንዱን አፉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አንከባለለና፣ «ጋሽ እርጥቡ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የቧንቧ መድፈኛ?» አለ።

«ያንተንስ በደፈነልኝ» አሉት፤ «አፍህን።»

ረቡዕ ልጃቸው ዘይቱ የለውዙ የራሱ መሆኑንና መመለስ እንዳለበት ነገረቻቸው። ያን ቀን እጃቸውን ታጥበው በሁለት ፎጣ አደረቁ፤ አላመኑትም፤ በመስኮቱ አውጥተው እንደ ልብስ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ኳሶቹ እኩል ወጡ፣ ቸኮሌቱ እንደ መስታወት አብለጨለጨ። ልጃቸው አንድ በላች፤ ቀስ ብላ አኘከች፤ ወደ መስኮቱ አየች።

«ጥሩ ነው አባዬ።»

«ጥሩ ነው ወይስ የእናትሽ ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ሦስት በላና፣ «ሱቅ ቢከፍቱ የመጀመሪያው ደንበኛዎ እኔ ነኝ» አላቸው። ሊያሞግሳቸው ነበር፤ የሰጉትን ተናገረላቸው። የሱቅ እንዳይመስል ተብለው የተቀበሉትን አደራ ነው ሱቅ ያደረጉት። ደብተሩን እንደገና አነበቡ፤ የጎደለ ነገር አላገኙበትም። ምናልባት የእሷ እጅ ነው የጎደለው አሉ በልባቸው፤ እሱን ደግሞ ከየት ያመጣሉ።

የቀረው ሐሙስ ነው። የለውዙን ልውስ አሰናድተው፣ ከቸኮሌቱ ግማሹን በሚፈላ ድስት ላይ በሳህን አስቀምጠው ማቅለጥ ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳ።

«ጋሼ፣ ድረሱልኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። «የሱቄ ቧንቧ ጫፉ ተነቅሎ ውሃው ሱቁን ሞላው። አንድ ደንበኛ ጭንቅላቱ በግማሽ እንደተላጨ ወንበር ላይ ቆሟል።»

እንዲህ ሲባሉ ቁጭ ብለው አያውቁም። ሮጠው ሄደው ዋናውን መዝጊያ ዘግተው፣ ቧንቧውን መልሰው አጥብቀው፣ በሩብ ሰዓት ተመለሱ። ቸኮሌቱ እሳት ላይ መሆኑ ትዝ ያላቸው መንገድ ላይ ነው። ሳህኑን አፈፍ አድርገው አወረዱና፣ ማረሩን ለማወቅ፣ እንደ ልማዳቸው ሌባ ጣታቸውን ሰደዱበት።

ቸኮሌቱ ዓይናቸው እያየ ተቋጠረ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሚመታቸው ማንኪያ አልነበረም። ባለቤታቸው ቢቆጧቸው ምን ነበረበት። ብዙ ከቆዩ በኋላ ሊደፉት ተነሡ፤ ግን ያረጀ የቧንቧ ላስቲክ እንኳን መጣል የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ለውጩ የሚሆን ሌላ ግማሽ ቸኮሌት አለ። ይህን ምን ያደርጉታል? የተቋጠረውን ሁሉ ከለውዙ ልውስ ጋር ዝም ብለው አሹት፤ ቡናማ መስመር እየተጋደመበት ተዋሐደ። አድቦለቦሉት፣ አቀዘቀዙት፤ እጃቸውን አድርቀው የቀረውን ቸኮሌት አለበሱት። ተስፋ አልነበራቸውም፤ ሥራ እንዳይቆም ያህል ነበር።

ልጃቸው ስትገባ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች አንዱን አነሣች። ሁለቴ አኘከችና አቆመች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ምን አደረግክበት?»

«አበላሸሁት።»

«አባዬ፣ የእማዬ ነው።»

አላመኗትም። እሳቸውም አንዱን ቀመሱ። ከለውዙ ቅባት መሃል ጥርስ ላይ ቅጭ ቅጭ የምትል፣ መረር ያለች ነገር አለች፤ ቀጥሎ ጨዉ ይመጣል። የስንት ዓመት ቅዳሜ ነው አፋቸው ውስጥ የሟሟው። አባትና ልጅ ደብተሩን መሃላቸው ዘርግተው ፈለጉ፤ ስለዚህ ነገር አንድም መስመር አልተጻፈበትም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ሲስተር መሳቢያዋን ባዶ እያደረገች ነበር። ጋሽ እርጥቡ መጀመሪያ ያዩት ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቧንቧ ነው፤ አያንጠባጥብም። ከዚያ ቆርቆሮውን ዘረጉላት።

«ባለቤቴ ናት የላከችልሽ። ዘግይቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሲስተር መርከቡን በጣቷ ዳሰሰችና ክዳኑን ከፈተች። አንድ በላች። ስታኝክ ፊቷ ላይ ፈገግታ ቀስ ብሎ መጣ።

«ጋሽዬ፣ እጅዎን ሳያደርቁ ነው የገቡት፣ አይደል?»

ጋሽ እርጥቡ ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው ናቸዋ። ፀጉራቸውን ሳጥብ ወሬያቸው ሁሉ እርስዎ ነበሩ። 'በየቅዳሜው ይገባና ያበላሽብኛል፤ መጣል ስለሚያሳዝነኝ የለውዙን ኳሶች አፍርሼ ውስጡ እከተዋለሁ' አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ሥራ በዝቶብዎት ቀሩ አሉ። ያን ቀን እሳቸው ደኅናውን ሠርተው ሲቀምሱት አልጥም አላቸው። 'ከዚያ ወዲያ ቆጣ እለዋለሁ እንጂ በሩን አልቆልፍበትም' ነው ያሉኝ።»

ጋሽ እርጥቡ ሌባ ጣታቸውን አዩ። ያ ከውስጥ ተሰክቶ የኖረ ቁልፍ ዓይናቸው ላይ መጣ። አመስጋኝ ሆነው ነበር የመጡት፤ ሳያውቁት ሲመሰገኑ ኖረዋል ለካ።

«አንዷን ልውሰድ?» አሉ በመጨረሻ።

«የእርስዎ አይደለችም እንዴ፣ ይውሰዱ እንጂ።»

በሏት። ጣታቸው ላይ የቀረውን ቸኮሌት ሊታጠቡ ወደ ማዕዘኑ ሄደው የጠገኑትን ቧንቧ ከፈቱ፤ ሙቁ ውሃ ወዲያው መጣ። ሲስተር ፎጣ አቀበለቻቸው። እንደ ወትሯቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና መለሱላት።

«አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ጨበጠቻቸው። ከዚያ የረጠበ መዳፏን ገልብጣ አየችውና ሳትጠርገው ቆርቆሮውን አቅፋ ተሰናበተቻቸው።