አርባው ያልወጣ ፀጉር

የሺሃረግ ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ዩኒት ሊደር የሆነችው ግን ወዳ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል እሷ ዝም ስላለች ነው። የዩኒት ሊደር ሥራ ሲነበብ ብዙ ነው፤ ሲሠራ ግን ማለዳ በር ላይ ቆሞ የልጆች ልብስ ማየት ነው። ቀሚሱ አጠረ፣ ሱሪው እግር ላይ ተጣበቀ፣ ከዩኒፎርሙ ላይ ቀይ ጃኬት ተደረበ። በዚያ ላይ የቦንጋ ዝናብ አለ። ማታ የታጠበ ሸሚዝ ጠዋትም እርጥብ ነው። "ቲቸር፣ አልደረቀልኝም" የሚለው ሰበብ ጆሮዋን አሰልችቶታል። እውነተኛውን ከዋሾው መለየት ትታ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን እያየች፣ ግማሹን ተቆጥታ ግማሹን አሳልፋ ወደ ክፍሏ ትሮጣለች። ባሏ ፈለቀ፣ ደካ በምትባል ሌላ ከተማ በግብርና ባለሙያነት ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድን ነው። ልጆቿም አድገው ወጥተዋል። ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ድካሟን የምትነግረው ሰው የለም።

ዘንድሮ ደግሞ የፀጉር ነገር መጣ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ኢሳይያስ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ፣ ክፋት የሌለበት፣ ግን ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ የሚያስደነግጠው ሰው ነው። ተቆጣጣሪዎች እንደሚመጡ ሲሰማ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውን ሰበሰበና፣ ፀጉሩን ያሳደገ ወንድ በር ላይ ይቆረጥ አለ።

"ወደ ቤቱ እንመልሰው እንጂ ፀጉር መቁረጥ የእኛ ሥራ ነው እንዴ?" አለች የሺሃረግ።

"ብንመልሳቸው ፑል ቤት ነው የሚውሉት፣ እትዬ የሺ።"

እውነቱን ነው። ስብሰባው ሲያልቅ መቀሱ የደረሰው እሷ እጅ ላይ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ዝናቡ ገና ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ አደረ። ደወል ተደውሏል፣ ሰልፈኛው ከበሩ ውጭ ተጠጋግቶ ይንቀጠቀጣል፣ የሺሃረግም እስከ ጉልበቷ ረጥባለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእሷ ስለሆነ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ተቀምጠው እየጮኹ ነው። በዚህ መሀል ፀጉሩ ጆሮውን የሸፈነ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊቷ ቆመ። ሚሊዮን ሀብተ ማርያም ይባላል፤ ከኋላ ወንበር የማይነሳ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው።

"ለምንድን ነው ያልተቆረጥከው?"

ልጁ እግሩ ሥር ያለውን ጭቃ ያያል።

"አንተን እኮ ነው። ማስታወቂያውን አላየህም?"

"አይቻለሁ፣ ቲቸር።"

"ካየህስ?"

አሁንም ዓይኑን ከጭቃው አላነሳም። ዝምታው ንቀት መሰላት። ሌላ ቀን ቢሆን ወደ ጎን ወስዳ ትጠይቀው ነበር። ያን ዕለት ግን ብርዱም፣ ሰልፉም፣ ከክፍሉ የሚሰማው ጩኸትም አንድ ላይ ሆኑባትና ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር ጨብጣ ቆረጠችው። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ደግማ መቀሱን ስታስገባ ከኋላው የቆመችው ማርቲ የምትባል የክፍሉ ልጅ ቀስ ብላ፣ "ቲቸር፣ የአባቱ አርባ እኮ ገና አልወጣም" አለች።

የሺሃረግ መቀሱን አወረደች። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከዋጫ ከተማ ቡና ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ መሞቱን ሰምታለች፤ ነፍስ ይማር ብላም ነበር። የማን አባት እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ልጁ ፀጉሩን ያሳደገው ለሐዘን ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ?" አለ ሚሊዮን። ጎንበስ ብሎ ጭቃው ላይ የወደቀውን ፀጉር አነሳና ኪሱ ከቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

በማግሥቱ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ መጣ። ኮፍያም ክልክል ነው። የሺሃረግ አየችው፣ እሱም አያት፤ ፊቷን ወደ ሌላው ልጅ አዞረችና አለፈ። በዚያው ሳምንት ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ኮፍያ ያደረገ ሁሉ ሐዘንተኛ ነኝ ማለት ጀመረ።

"ማን ሞተብህ?" አለችው አንዱን።

"አያቴ።"

"መቼ?"

"አምና።"

ለመሳቅም ለመቆጣትም አቅም አልነበራትም። አቶ ኢሳይያስ ቢሮው አስጠርቶ፣ "እርስዎ አንዱን ሲያሳልፉ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ለቀስተኛ ሆነ" አላት። ስለ ልጁ አባት ነገረችው። አዘነ፤ ማዘኑ ከፊቱ ይታያል። "ግን ለአንዱ ሕግ አፍርሰን ሌላውን በምን አፋችን እንናገራለን?" አለ።

አርብ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል አቶ ኢሳይያስ በሰልፉ መሀል እየዞረ ኮፍያ ያስወልቅ ጀመር። ሚሊዮን ጋ ሲደርስ፣ "አውልቅ" አለው። ልጁ አላወለቀም። ርዕሰ መምህሩ በእጁ ገፈፈው። በአንድ ጎኑ የተመለጠ ጎፈሬው ሲታይ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሚሊዮን ኮፍያውን ከአቶ ኢሳይያስ እጅ ተቀብሎ በበሩ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም ትምህርት ቤት አልመጣም።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ቅዳሜ ፈለቀ ከደካ ሲመጣ ነገሩን ነገረችው። "ተዪው፣ ንዴቱ ሲበርድለት ይመለሳል። ዛሬ እንኳ እረፊ" አላት። አላረፈችም። ጃንጥላዋን ይዛ በሺሺንዳ መውጫ በኩል ያለውን የልጁን ቤት እየጠየቀች ሄደች።

የሚሊዮን እናት ጥሩሰው ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጎረቤቶቿ ጋር በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ እንግዳዋን አየች። የሺሃረግ "እግዜር ያጥናሽ" ብላ ተቀመጠችና ማንነቷን ተናገረች። ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር።

"ነግሮኛል" አለች ጥሩሰው። "እኔው ራሴ ተቆረጥ ብዬው ነበር። አባቱ ፀጉር ያሳደገ ወንድ አይወድም ነበር። ልጁ ምን አለኝ መሰለዎት? 'አንቺ ጥቁር ለብሰሻል። እኔ የምለብሰው ዩኒፎርም ነው። ታዲያ እኔ በምን አዝናለሁ?' አለኝ። ምን ልበለው፣ መምህርት?"

የሺሃረግ ስንት ዓመት በር ላይ ስትቆም ልጆቹ ምን እንደለበሱ እንጂ ከልብሱ ውስጥ ምን ይዘው እንደሚመጡ ለመጠየቅ ፋታ አላገኘችም፤ ካገኘችም አልተጠቀመችበትም።

ሚሊዮን ከጓሮ እንጨት ተሸክሞ ገባ። ሲያያት ሸክሙን አወረደና ቆመ።

"ጥፋተኛ ነኝ፤ ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት" አለችው።

"ኮፍያውን የገፈፉት እርስዎ አይደሉም።"

"ፀጉሩን የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ሰኞ ና።"

"ኮፍያዬን አላወልቅም።"

"አታወልቅም።"

ቃሉን ሰጥታ ከወጣች በኋላ ነው በምን ሥልጣኗ እንደሰጠችው ያሰበችው።

ሰኞ ገና ደወል ሳይደወል አቶ ኢሳይያስ ቢሮ ገብታ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ልጁ አርባው እስኪወጣ በኮፍያው ይማር። ካልሆነ በሩ ላይ ሌላ ሰው ይቁም።"

"እትዬ የሺ፣ እኔም እኮ ከላይ እጠየቃለሁ።"

"አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም።"

አቶ ኢሳይያስ በሁለት እጁ ፊቱን አሸ። እሱም ያልተኛ ሰው ይመስላል። "ሌላ የሚቆም ሰው እንደሌለኝ ያውቃሉ" አለ በመጨረሻ። "ይግባ። ግን ሐዘንተኛ ነኝ የሚለውን ሌላውን ሁሉ እርስዎ ይመልሱልኛል።"

ሚሊዮን መጣ፣ ኮፍያውን እንዳደረገም ተማረ። የሺሃረግ ደግሞ ሥራ ተጨመረባት፤ ሐዘን ላይ ነኝ ያለውን ሁሉ ለብቻው አቁማ ማን እንደሞተበት፣ እቤት ማን እንደቀረ ትጠይቃለች። አብዛኛው ውሸቱን ነው። አንዳንዱ ግን ውሸቱን ጀምሮ መሀል ላይ ሌላ እውነት ይነግራታል፤ አባቱ ጥሎ መሄዱን፣ እናቱ መታመሟን። ይህን ሰምታ ጂኦግራፊ ልታስተምር ትገባለች።

ተቆጣጣሪዎቹም መጡ። የትምህርት ዕቅድ አዩ፣ ቤተ ሙከራውን አስከፍተው አዩ፣ ሻይ ጠጡና ሄዱ። ስለ ፀጉር የጠየቀ አልነበረም።

አርባው በወጣ ሰሞን ሚሊዮን ተላጭቶ መጣ። "ደህና አደሩ፣ ቲቸር" ብሏት አለፈ። ያን ቀን ፈለቀ ስልክ ሲደውል ነገረችው።

"ታዲያ ደስ አላለሽም?" አላት።

አሰበች። "ይለኝ ይሆናል፤ አሁን ግን እግሬን ነው የሚያመኝ" አለችው። ከዩኒት ሊደርነት እንዲያወርዷት ጠይቃለች፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ታገሺ ብለዋታል።