በምሥራቅ በኩል ያለው አልጋ

ሰው ሲጸልይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቆማል። ይህን ለልጆቼ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ያላሰብኩበት ነገር ቢኖር፣ በእኛ ቤት ምሥራቅ ማለት የአማቴ አልጋ መሆኑን ነው።

ሰቆጣ ያለው ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። አማቴ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ከቀያቸው ከጽጽቃ አምጥተን ያስተኛናቸው ሳሎኑ ውስጥ፣ ንፋስ በማይገባበት ግድግዳ ሥር ነው። የእመቤታችንን ሥዕል የሰቀልነውም ከአልጋቸው በላይ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ፊታችንን ታጥበን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ስንቆም ፊት ለፊታችን ያሉት እሳቸው ናቸው። ስንሰግድም ግንባራችን የአልጋቸውን ጠርዝ ሊነካ ምንም አይቀረው። ባሌ አንድ ጊዜ ለእረፍት መጥቶ ይህን ሲያይ «እናቴን ታቦት አደረጋችኋት!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱ በማግስቱ ወደ መንገድ ሥራው ይመለሳል፤ እኔ እዚያው ነኝ።

አስተማሪ ነኝ። ነበርኩ ልበል ይሆን? አምደወርቅ ከተማ አንደኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። አማቴ ሲወድቁ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ተባለና ያለደመወዝ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ጥቂቱ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነ። ከባሌ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሠራተኛ እንዳንቀጥር፣ ገላቸውን ከእኔ በቀር ማንም እንዲያጥባቸው አይፈቅዱም። «አንች እኮ ልጄ ነሽ» ይሉኛል። ይህች ቃል ስንት ጊዜ እግሬን እንዳሰረችው የማውቀው እኔ ነኝ። ክፉ አማት ቢሆኑ ኖሮ አኩርፌ፣ ልጆቼን አስከትዬ፣ ሽማግሌ እስኪላክብኝ ድረስ እናቴ ቤት እቀመጥ ነበር። ከደግ ሰው ቤት ምን ተብሎ ይኮረፋል?

የቀሩኝ ተማሪዎች ልጆቼ ነበሩ፤ የሰባት ዓመቷ ሴትና የአራት ዓመቱ ወንድ። ጸሎቱን እንደ ፊደል አስጠናኋቸው። እኔ እላለሁ፣ እነሱ ከኋላዬ ቆመው ይቀበላሉ። አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ እስኪወጡት ሁለት ወር ፈጀብን፤ ልጁ ኮልታፋ ስለሆነ ግማሹን ቃል ያኝከዋል። ትርጉሙን አልነገርኳቸውም። እኔም በልጅነቴ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሕጌ አንድ ብቻ ነው፦ «እኔ ያልኩትን ብቻ በሉ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።»

አንድ ጠዋት ልጁ ከአሜን በፊት «ዶሮዋ ደግሞ እንቁላል እንድትጥል» ብሎ ጣልቃ ገባ። ተቆጣሁት። ጸሎት እንደ ወጥ ያገኙትን የሚጨምሩበት አይደለም አልኩት። ከንፈሩን ጣለ። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«ምን አሉ፣ እምዬ?» አልኳቸው።

«ልጁ ይለምን እንጅ! እግዜር የዶሮ ነገር አይገባውም ብለሽ ነው?»

አልሰማኋቸውም። አስተማሪዋ እኔ ነኛ!

ግንቦት ውስጥ ነው፤ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀን ሆኖት ነበር። አንሶላቸውን በባልዲ ቂጥ በቀረችው ውሃ ሳሽ ስልኬ ጮኸ። የአምደወርቁ ርዕሰ መምህር ነው። ፈቃዴ ነሐሴ ላይ እንደሚያልቅ፣ መስከረም ላይ ካልተገኘሁ ቦታዬ ለሌላ እንደሚሰጥ በትሕትና ነገረኝ። «እሺ» አልኩት። ከእሺ ሌላ ምን ይባላል? እጄን አደራርቄ ልጆቹን ለጸሎት አቆምኳቸው።

አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። በስመ አብ አልን። አቡነ ዘበሰማያት አደረስን። የቀረን አሜን ብቻ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ሳለ ልጆቹን ረሳኋቸው፤ አፌም ሳላዘው ተናገረ።

«ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ።»

ከኋላዬ ሁለት ድምፅ ተቀበለኝ፦ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ።»

ክው አልኩ። «አሜን!» ብዬ ቶሎ ዘጋሁትና ወደ አልጋው አየሁ። አማቴ አልተንቀሳቀሱም። ተመስገን፣ አልሰሙም ብዬ ልጆቹን ቁርስ አበላሁ።

በማግስቱ አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሼ አሜን ስል ልጄ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

«እማ፣ ረሳሽው። ‹ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ› አላልሽም።»

«እሱ የጸሎቱ አይደለም» አልኳት በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አጠያየቋ ግን የዳኛ ነው። የእኔ የብቻዬ ልመና ነው ብላት «ለምን መውጣት ፈለግሽ?» ማለቷ አይቀርም። አማቴ ደግሞ ክንድ ከስንዝር በማይሞላ ርቀት ተኝተዋል። ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት እንዳልል፣ እጄን ዘርግቼ አይታኛለች። እኔ ሰበብ ሳፈላልግ ሁለቱም በእኔ ፈንታ አሉት። ትንሹማ ከሁሉም አጥርቶ የሚለው ይህንኑ ሆነ፤ ከግዕዙ ይልቅ ለአፉ ቀለለው። በልባችሁ በሉት ብላቸው እሱ ሲያንሾካሹክ ከጩኸቱ ይብሳል። በገዛ ሕጌ ተያዝኩ። በየጠዋቱ የሆዴን ነገር ልጆቼ በዜማ ያወጡታል፤ እኔ የአማቴን ሽፋሽፍት እየጠበቅኩ እቆማለሁ።

የሰኔ ማርያም ዕለት ነፍስ አባታችን መጡ። ቤቱን ጸበል ረጭተው፣ መስቀል አሳልመውን ከአልጋው አጠገብ ቁጭ እንዳሉ አማቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«አባ፣ የልጅ ልጆቼን ጸሎት ይስሙልኝማ! በግዕዝ ነው የሚያወርዱት።»

«ሌላ ቀን ይሁን፣ እምዬ። አሁን ርቧቸዋል» ብል ማን ሰምቶኝ።

ልጆቹ ነጠላ አጣፍተው ቆሙ። የጠላውን ጣሳ እንደያዝኩ ጓዳው በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። በስመ አብ አሉ። አቡነ ዘበሰማያትን ተያያዙት። እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ አስረሺያቸው እያልኩ ነው። ልጁ አንድ ቦታ ሲደናቀፍ እዚያው ላይ ይቀርልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ እህቱ በክርኗ ነካ አድርጋ አስነሳችው። መጨረሻው ደረሰ።

«ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ!»

ነፍስ አባታችን ፈገግ እንዳሉ ፊታቸው ቆመ። «ይህንንስ ማን አስተማራችሁ?» አሉ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። አፏን ስትከፍት አማቴ ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ከቀየዬ ካመጡኝ ወዲህ አገሬ ይናፍቀኛል። ከዚህ ቤት አውጣኝ እያልሁ ስጸልይ እነዚህ ጆሮ ብቻ የሆኑ ልጆች ሰምተው ያዙት።» ይህን ብለው ወደ ሥዕሉ ቀና አሉና «አሜን» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ነፍስ አባታችን እግዚአብሔር የሌለበት አገር እንደሌለ ነግረው አጽናኗቸው። ጠላውም ጥሩ ነው አሉኝ። እስከ በር ሸኘኋቸው፤ ልጆቹም ተከትለዋቸው ወጡ። እኔ ወደ ውስጥ መመለስ ፈራሁ። ግን ከዚያ ቤት ወጥቼ የት እሄዳለሁ? ተመለስኩ።

«ያን ቀን ሰምተውኝ ነበር?» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ጠዋት ይተኛል እንዴ?» አሉ።

አልጋቸው ሥር ተንበረከኩ። «እርስዎን ጠልቼ አይደለም፣ እምዬ።»

«አውቃለሁ። ብትጠይኝማ ይቀልሽ ነበር።» ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። «ይልቅ አባን ዋሽቻለሁ። ለንስሐው ስግደት ያዘዙኝ እንደሁ የምትሰግጅልኝ አንች ነሽ፤ የኔ ወገብ አይታጠፍ።»

ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመው። እስኪወጣልኝ ጠበቁኝና ቀጠሉ።

«ልጄ ሥራውን ትቶ አይመጣ፤ እኔ ተነስቼ አልሄድ። አንችን ከዚህ የሚያወጣሽ አንድ ነገር ነው። እግዜር እኔን ሲወስደኝ ትወጫለሽ። እኔም አሜን የምለው ለዚያ ነው። ልጆቹን አታስቁሚያቸው፤ የልጅ ጸሎት ቶሎ ይደርሳል።»

እስከዚያ ቀን የምፈራው እንዳይሰማብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እግዜር እንዳይሰማልኝ ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ቀደም ብዬ «ጌታ ሆይ፣ እምዬን አቆይልን» አልኩ። የተቀበለኝ የለም።

«እማ፣ ተሳሳትሽ» አለች ልጄ። «አትጨምሩ ብለሽ የለ?»

«ይህ ይሻላል።»

«እንደለመዳችሁት በሉ፣ ልጆቼ» አሉ አማቴ ከአልጋቸው።

እንደለመዱት አሉ። አማቴም አሜናቸውን አሰሙ። ከዚያ ሦስቱም እኔን ጠበቁ። አሜን ብል ሞታቸውን መለመኔ ነው። አሜን ባልል ደግሞ መዋሸቴ ነው፤ መውጣት እኮ እፈልጋለሁ። የኖራ ብናኝ እጄ ላይ ይናፍቀኛል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ የሚጮኹት ጩኸት ይናፍቀኛል። ሻዩ ገነፈለ ብዬ ጓዳ ገባሁ። እሳቱን ገና አላቀጣጠልኩትም ነበር።

ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም ጠባ። አምደወርቅ ሌላ አስተማሪ ተቀጠረ። በእጄ የጻፍኩት የፊደል ገበታ አሁንም ግድግዳው ላይ እንዳለ ባልደረቦቼ የነገሩኝ ደስ እንዲለኝ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ምድጃውንም፣ ባልዲውንም፣ ባሌንም ጠላሁ። ማታ በስልክ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት።

ልጆቹ አሁን ያለእኔ መሪነት ይወጡታል። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ሊያልቅ ሲል ጓዳ እገባለሁ። ከዚያ ሆኜ የልጆቹን ልመና እሰማለሁ፤ እሱን ተከትሎ የአማቴ አሜን ይመጣል። እሱን ስሰማ ዳቦውን እቆርሳለሁ፣ ሻዩን እቀዳለሁ፣ ቀኑ ይጀመራል።

ባለፈው ሳምንት ልመናው አለቀና አሜኑ ቀረ። ማንኪያ በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ልጁ ያልተሰማ መስሎት ደገመው። አሁንም ዝም። ከጓዳው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍኖታል። «እምዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ወደቅኩ።

ነጠላው ተንቀሳቀሰ። በአንድ እጃቸው ሲታገሉት ኖሮ ከፊታቸው ገለጡትና መጀመሪያ ማንኪያውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ለካስ ትከሻቸውን ላልብስ ብለው ስበውት ራሳቸው ላይ ተጠምጥሞባቸው ነው።

«አለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ገና አልወጣሽም።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ለየትኛው እንደማለቅስ አልጠየቁኝም። ወደ ልጆቹ ዞር ብለው «አሜን» አሉ፤ ልጄም ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ቦርሳዋን አነሳች።